ከብልቃጡ የጎደለው ሰዓት

ዶክተር ዘሚካኤል በጋዝ ክፍሉ ወለል ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ በጎኑ ወድቋል። ነጭ ጋዎኑ አልቆሸሸም፤ መነጽሩ አልተሰበረም። ደም የለም። በሰንሰለት ከግድግዳው ጋር ከታሰሩት አራት የጋዝ ሲሊንደሮች የአንደኛው ቱቦ ከአፉ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

ዋና ኢንስፔክተር አገርነሽ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ላንቴ ቀበሌ ውስጥ በሙዝ ማሳ ወሰን የተፈነካከቱ ወንድማማቾችን ቃል ስትቀበል ቆይታ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ነው የተጠራችው። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ «ሁለቱ ሐይቆች የምስል ምርመራ ማዕከል» ደግሞ በአርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር አናት ላይ፣ ከመንገዱ ሠላሳ ምናምን ደረጃ ከፍ ብሎ ተሠርቷል።

«አደጋ ነው የሚመስለው» አለች ሳጅን ቦንቱ ማስታወሻዋን እያየች። «ናይትሮጅን ነው። ሽታ የለውም፤ መርዝም አይደለም። ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሞላ የምንተነፍሰውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል አሉኝ። ሰው በአንድ ሁለት ደቂቃ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ቱቦው ሲያፈስ ሊያስተካክል ገብቶ ነው።»

አገርነሽ ጓንት አጥልቃ በጭንቅ በርከክ አለች። የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳች። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል። የበሩን የውስጥ ገጽ በባትሪ ስታየው፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የጫማ ጫፍ የፋቀው ጥቁር ምልክት አገኘች። ከዚያ በአውራ ጣቷ የሟቹን መንጋጋ ገፋ አደረገችው። አልታዘዘም።

«መንጋጋው ደርቋል። ለዚህ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል።»

«ክፍሉ በጣም ቀዝቅዞ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ጋዙ ሲወጣ ያቀዘቅዛል። የማዕከሉ ሐኪምም በሰውነቱ ሙቀት የሞተበትን ሰዓት መናገር አይቻልም ብላለች።»

«ብርድ መድረቅን ያዘገያል እንጂ አያፋጥንም። ግን በዚህ ብቻ አልምልም።» ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። «ሰውየው በሩን ደብድቧል፤ ረግጧልም። ክፍት በር ማንም አይደበድብም። ከየት ነው የሚዘጋው?»

«ከውጭ፣ በመወርወሪያ። ሲያገኙት ግን ገርበብ ብሎ ነበር።»

«እንግዲያው ዘግቶ የቆየ፣ ኋላም የከፈተ ሰው አለ።»

ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ አንድ ትልቅ መፍቻ ከመንጠቆ ላይ ተሰቅሏል። አገርነሽ ሳትነካው አልፋ ሄደች።

በመጠበቂያው አዳራሽ ስድስት ሕሙማን ተቀምጠዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ምርመራው በባዶ ሆድ ነው። ከኦቾሎ የመጡ አንድ ሸማኔ ሽማግሌ ፖሊስ መሆኗን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ለመነሳት ሞከሩ፤ በእጇ ተቀመጡ አለቻቸው። ማንም ምን ተፈጠረ ብሎ አልጠየቃትም። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚመላለስ ሰው መጠበቅ ይለምዳል።

ነርሷ ሊሻን በመርፌ ክፍሉ ውስጥ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከትታ ጠበቀቻት። ዘሚካኤልን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት።

«ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው» አለች። «የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ልወጋ የማስረከቢያዋን መስኮት ከፈትኩ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ጨረር በሚያግደው የእርሳስ ብረት ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጧል። የጥራት ፍተሻው ወረቀት ግን የለም። ዶክተር ዘሚካኤል ሳይፈርም አንዲት ጠብታ አንወጋም። ልጠይቀው ስገባ የጋዙን ፉጨት ሰማሁ።»

«ከዚያ በፊት መስኮቷን ከፍተሽ ነበር?»

«አልከፈትኩም። የገባሁት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጨረር ስላለው ሰዓቱ ሳይደርስ አይከፈትም።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው? ለማያውቅ ሰው ንገሪኝ።»

ሊሻን ጥቂት አሰበች። «ስኳር ነው፣ ኢንስፔክተር። ጨረር የሚሰጥ ነገር የተለጠፈበት ስኳር። ካንሰር ስኳር ይወዳል። ስኳሩ የሄደበት ቦታ ጨረሩም ይሄዳል፤ ፔት የሚባለው የምስል ማሽን ያንን ያነሳል። ከውጭ አናስመጣውም። በየመቶ አሥር ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል፤ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጧት ጧት እዚሁ ምድር ቤት፣ ሳይክሎትሮን በሚባለው ማሽን ይሠራል። ሀብቴ ማሽኑን ያስነሳል፤ ዶክተር ዘሚካኤል ደግሞ መድኃኒቱን ቀምሞ፣ ለክቶ፣ ፈትሾ ያስረክበኛል።»

አገርነሽ ወደ እርሳስ ማቀፊያው ተጠጋች። ላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት በሰማያዊ ቀለም «160» የሚል ቁጥር፣ ከሥሩም «2:10» የሚል ሰዓት ተጽፏል።

«ቁጥሩ መጠኑ፣ ሰዓቱ የተለካበት?»

«አዎ። መቶ ስድሳ ሚሊኪዩሪ ጨረር፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ። ጽሕፈቱ የእሱ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ሰዓት አይመዘግብም?»

«መብራት በሄደ ቁጥር ይዛባል። ዶክተሩ ትቶታል። በእጁ ነው የሚጽፈው፣ በእኛ ሰዓት።»

«ብልቃጡን በማስረጃነት ልወስደው እችላለሁ?»

«ወስደው ምን ያደርጉታል? ማታ ላይ ውኃ ነው የሚሆነው።»

አገርነሽ ዓይኗን አሸች። ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ ማስረጃ ሲሰረቅ፣ ሲቃጠል፣ አይጥ ሲበላው አይታለች። ተቀምጦ ሳለ በራሱ የሚጠፋ ግን አላጋጠማትም። «እንግዲያው ሳይጠፋ ለኪልኝ። እፊቴ።»

ሊሻን ብልቃጡን በረጅም መቆንጠጫ አንስታ መለኪያው ውስጥ አስገባች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ልክ አራት ይላል። የመለኪያው መስኮት 37 ተኩል አሳየ።

ነርሷ ፊቷን ቋጠረች። አወጣችው፤ እንደገና አስገባችው። 37 ተኩል።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ከሁለት ሰዓት ከአሥር እስከ አሁን ልክ መቶ አሥር ደቂቃ ነው። የመቶ ስድሳ ግማሽ... ሰማንያ።» ሌላ ትንሽ ብልቃጥ ከመሳቢያ አወጣች። «ይህ መለኪያውን የምንፈትሽበት ነው፤ መጠኑ ይታወቃል።» ለካችው። በትክክል የሚጠበቀው ሆነ። «መለኪያው ደህና ነው።»

«አንድ ሰው ቀድቶ ወስዶ ይሆን?»

ሊሻን ብልቃጡን በወፍራሙ መስታወት ጀርባ አነሳችው። «የጎማ ክዳኑ በመርፌ አልተወጋም። ፈሳሹም ሙሉ ነው። ምንም አልጎደለም።»

«ጎድሏል እንጂ» አለች አገርነሽ በቀስታ። «የትናንቱ ወረቀት አለ?»

ያገለገሉት ወረቀቶች በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ተጠራቅመዋል። አገርነሽ ሦስቱን አውጥታ ከዛሬው አጠገብ ደረደረቻቸውና ባትሪዋን አበራችባቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሊሻንን «ወረቀቱን አትንኪው፤ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እንደገና ትለኪልኛለሽ» አለቻት።

የዘበኛው የካሱ መዝገብ በጥቂት መስመር ያለቀ ነበር። ካሱ አማርኛው የተሰባበረ፣ ጽሕፈቱ ግን የተጣራ የጋሞ ሰው ነው።

«ዶክተር ዘሚካኤልና ሀብቴ አሥር ሰዓት አብረው ገቡ። ሀብቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወጣ። ሥራ አስኪያጅ አሥራ ሁለት ከሃያ ገባ። ዶክተር ፌቨን ለሁለት ሩብ ጉዳይ መጣ። ሊሻን ሁለት ሰዓት። እንግዶቹም ከእሱ ጋር፣ የኮሚቴ ሰዎች። ሀብቴ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተመልሷል። ሕሙማን ከሁለት ሰዓት በኋላ። ሌላ ሰው የለም።»

«ሀብቴ ሲወጣ ምን አለህ?»

«‹ቁርስ ልብላ፣ ሥራዬ አልቋል› አለ። ትናንት ግን ዶክተር ዘሚካኤል ተቆጥቶበታል፤ ፊቱ ያስታውቃል።»

ሁሉም ሀብቴ የሚሉት ሀብተጊዮርጊስ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ የሳይክሎትሮን ባለሙያ። ዓይኑ ስር ጠቁሯል።

«ማሽኑን አሥራ አንድ ተኩል ላይ አጠፋሁ» አለ። «ቅመማው ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሲለካ አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ ወጣሁ።»

«ወረቀቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል» አለች ቦንቱ። «አንተ ከተመለስክ አምስት ደቂቃ በፊት ማለት ነው። ከሩብ በኋላ ደግሞ የት እንደነበርክ ያየህ ሰው የለም።»

«ምድር ቤት ነበርኩ። ብቻዬን።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ምናልባት የመጀመሪያው ተበላሽቶበት ብቻውን ደግሞ ሠርቶት ይሆናል። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው።»

«ትናንት ከእሱ ጋር ለምን ተጣላህ?» አለች አገርነሽ።

«ዝም ስላልኩ። ‹ዝምታህ ከፊርማው አይሻልም› አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ከዶክተር ፌቨን ቢሰሙት ይሻላል፤ ሕመምተኛዋ የእሷ ናት።»

«አንድ ነገር ብቻ። ዛሬ ጋዙን የዘጋኸው አንተ ነህ አይደል?»

«ሊሻን ስትጮህ ሮጥኩ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ አርጅቷል፤ ያለ መፍቻ አይዞርም።»

«መፍቻውን ከየት አነሳኸው?»

«ከኮሪደሩ፣ ከመንጠቆው። ሁልጊዜ እዚያ ነው።»

«ወለሉ ላይ ሳይሆን?»

«መንጠቆው ላይ ነበር። ጋዙን ዘግቼ እዚያው መለስኩት።»

ዶክተር ፌቨን ምስል አንባቢ ሐኪም ናት፤ ጎንደር ተወልዳ አርባ ምንጭ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ። ሳጅን ቦንቱ ከሟቹ መሳቢያ ያገኘቻቸውን ሁለት ወረቀቶች ስታያቸው ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። አንዱ ጥቅምት 18 ቀን የተፈረመ የመድኃኒት ማስረከቢያ ነው፤ ፊርማው «ዘሚካኤል» ይላል። ሌላው በዚያው ቀን እሱ ጎንደር እንደነበረ የሚያሳይ የአውሮፕላን ትኬት ነው።

«እናቱ ሞተው ለአርባቸው ሄዶ ነበር» አለች። «እሱ በሌለበት ሀብቴ መድኃኒቱን ሠራ። ፍተሻውን አላለፈም። ሀብቴ ይህን ለሥራ አስኪያጁ ተናገረ። ‹ተወው፣ እዚያ አስቀምጠው› ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ተፈርሞበት ደረሰን። ወጋን።»

«ያልተጣራ መድኃኒት ምን ያደርጋል?»

«ሰውየውን አይገድልም። ምስሉን ነው የሚያበላሸው። ከስኳሩ የተላቀቀው ጨረር አጥንት ላይ ይሰፍራል። አጥንቱ ይበራል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ እጢ ቢኖርም ላይታይ ይችላል።» ድምጿ ወረደ። «የዚያን ቀን የመጣችው አንዲት ብቻ ናት። ጽጌረዳ ትባላለች፤ ገረሴ አስተማሪ ናት። አጥንቷ መብራቱን አይቻለሁ። ገርሞኛልም። ግን የዘሚካኤል ፊርማ አለበት። በእሱ ፊርማ ላይ ማንም አይጠራጠርም። ‹ንጹሕ ነሽ› ብዬ ፈረምኩላት። ሕክምናዋን አቋርጣ ወደ ቤቷ ሄደች።»

«እሱ መቼ አወቀ?»

«ትናንት መዝገብ ሲያገላብጥ። ዛሬ የማዕከሉን ፈቃድ ሊወስን በሚመጣው ኮሚቴ ፊት እናገራለሁ አለ። ለሁላችንም ነው የነገረን፤ በስውር የሚሠራ ሰው አልነበረም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈሥላሴ ቢሮው መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበር። ከመስኮቱ አባያ እንደ ወትሮው ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ወዲያ ማዶ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በዞኑ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ከዚያ ለዚህ ማዕከል ሰባት ዓመት በየቢሮው ደጅ ጠንቷል። እጁ ላይ የያዘው ብርጭቆ ውኃ አልተጠጣም።

«አዝናለሁ፣ ኢንስፔክተር። ወንድሜ ማለት ነበር።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ለሁለት አምስት ጉዳይ አካባቢ። ኮሚቴውን ልቀበል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አየሁት። በእጁ ሰላም አለኝ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ጩኸቱ ድረስ ከሦስት የኮሚቴ አባላት ጋር እዚህ ነበርኩ።»

«ይህንን አረጋግጠናል።»

«ሀብተጊዮርጊስ ልጅ ነው» አለ ሰይፈሥላሴ ሳይጠየቅ። «ትናንት ክፉኛ ተነጋግረዋል። ግን ሰው ይገድላል አልልም።»

«የጥቅምቱን ፊርማ ማን ፈረመው?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «እኔም ከትናንት በፊት አልሰማሁም። እዚህ ሁሉም ሰው ደክሞታል፣ ኢንስፔክተር። የደከመ ሰው የማያደርገው የለም።»

አገርነሽ ይህን ብቻ አመነችው።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሊሻን እንደገና ለካች። መለኪያው 18 እና ሦስት አራተኛ አሳየ። አገርነሽ ቁጥሩን በደብተሯ ጻፈች፣ በጣቷ አንድ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ ከዚያም «ሁሉንም ጥሪልኝ» አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሕሙማኑ ምርመራ እንደሌለ ተነግሯቸው ሄደዋል። የኦቾሎው ሽማግሌ «ነገስ?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ የሚመልስላቸው አልተገኘም። ባዶ በቀረው አዳራሽ ውስጥ ፌቨን፣ ሊሻን፣ ሀብተጊዮርጊስ፣ ካሱና ሰይፈሥላሴ ተራርቀው ተቀመጡ። ሳጅን ቦንቱ በሩ ላይ ቆመች። አገርነሽ ለመቆም አቅም ስላጣች እንደነሱው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጧት አደጋ ነው ተባልኩ» አለች። «የሟቹ እጅ ግን ተልጧል፣ በሩ ላይም የጫማው ምልክት አለ። ተዘግቶበት ነበር። መፍቻው ደግሞ ከውጭ ተሰቅሎ ነው የተገኘው። የሚያፈስ ሲሊንደር ሊዘጋ የሚገባ ሰው፣ ያለ መፍቻ እንደማይዞር እያወቀ፣ ባዶ እጁን አይገባም። ወይ መፍቻውን የያዘለት ሰው ከኋላው ነበር፣ ወይ ሊያቀብለው ተጠይቆ ነበር። ዘሚካኤል ጀርባውን የሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው።»

ደብተሯን ገለጠች።

«አሁን ሰዓቱ። ወረቀቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል። ይህን ካመንን ዘሚካኤል የሞተው ከሁለት ሰዓት ከአሥር በኋላ ነው። ያን ጊዜ አቶ ሰይፈሥላሴ ከኮሚቴው ጋር ናቸው። ዶክተር ፌቨንና ሊሻን እዚህ ሕሙማን ፊት ናቸው። ብቻውን የነበረው ሀብተጊዮርጊስ ነው። ሳጅን ቦንቱ ካቴናዋን አውጥታ ነበር።»

ሀብተጊዮርጊስ ቀና አላለም።

«እኔ ፊዚክስ አልተማርኩም። ግን ሊሻን አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ይህ መድኃኒት በየመቶ አሥር ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። መብራት ቢሄድ፣ ሰው ቢዋሽ አይለወጥም። አራት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሆነ። አሁን፣ መቶ አሥር ደቂቃ ቆይተን፣ ግማሹ ሆነ። ስለዚህ ይህ ብልቃጥ በትክክል የሚሄድ ሰዓት ነው። ወደ ኋላ እንመልሰው። አራት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሰባት ተኩል ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሰባ አምስት ነበር። መቶ ስድሳ አልነበረም። ከዚያም መቶ አሥር ደቂቃ ስንመለስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ መቶ ሃምሳ። መቶ ስድሳ የነበረው መቼ ነው፣ ዶክተር?»

ፌቨን በከንፈሯ አሰላች። «አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር።»

«ሀብተጊዮርጊስ ያለው ሰዓት።» አገርነሽ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳለ አነሳችው። «ዘሚካኤል ሁልጊዜ ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ነው የሚጀምረው፤ የትናንቱን፣ የከትናንት ወዲያውን አይቻለሁ። የዛሬው ሰዓት ግን አንድ ፊደል ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይጀምራል። ከቁጥሩ በፊት ያለው ባዶ ቦታ በባትሪ ሲታይ ያብለጨልጫል። በአልኮል ጥጥ ተጠርጓል። ‹12:10› ነበር የተጻፈው። ‹1›ን ብቻ አጠፉት። ከብልቃጡ የጎደለው ሁለት ሰዓት ነው።»

ካሱ በጋሞኛ አንድ ነገር ለራሱ አጉረመረመ።

«መቼ ሞተ? ዘሚካኤል ጠረጴዛ ላይ ባገኘነው የፍተሻ ቅጽ ‹መልኩ ጥርት ያለ› ተብሎ አንድ መስመር ብቻ ተሞልቷል። የሚቀጥለው ፍተሻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ አልተጀመረም። ስለዚህ ከለካ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። መንጋጋውም ይህንኑ ይላል። በዚያ ሰዓት ሀብተጊዮርጊስ ወጥቷል። ዶክተር ፌቨንና ሊሻን አልመጡም። ካሱ ደጁን እየጠበቀ ነበር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ እስከ ለሁለት ሩብ ጉዳይ በዚህ ቤት ውስጥ ከዘሚካኤል ሌላ አንድ ሰው ነበር።»

ሰይፈሥላሴን ማንም አላየውም። ሁሉም ወለሉን ያዩ ነበር።

«ሌላም አለ» አለች አገርነሽ። «ሰዓቱን ለመለወጥ ያሰበ የሙያው ሰው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩንም ይለውጥ ነበር። ሀብተጊዮርጊስም፣ ሊሻንም፣ ዶክተሯም በሁለት ሰዓት ከአሥር መቶ ስድሳ ከተጻፈ መለኪያው እንደሚያጋልጣቸው በእንቅልፋቸውም ያውቁታል። ቁጥሩን ዝም ብሎ የተወው መድኃኒቱን የማይለካ ሰው ነው። ለሁለት አምስት ጉዳይ ላይ የሞተ ሰው ሰላም አለኝ ያሉኝም እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሰይፈሥላሴ።»

ከታች መንገድ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አለ ሰይፈሥላሴ። ድምፁ ከቢሮው ድምፅ አልተለየም። «ጥቅምት ላይ ማሽኑ ለሁለት ሳምንት ተበላሽቶ ነበር። በተነሳ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕመምተኛ እንኳ ሳናይ ቀረን ቢባል ይዘጉናል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ነገር መሰለኝ። ማንም የሚሞትበት አልመሰለኝም።»

«ዛሬስ?»

«ኮሪደሩ ላይ ለመንኩት። አንድ ወር ስጠኝ፣ ሴትዮዋን በጸጥታ ጠርተን ደግመን እናያታለን አልኩት። ‹ሦስት ሳምንት አልፏታል› አለኝ። ያ ሲሊንደር ቱቦው ተነቅሎ ያፏጭ ነበር። ወሬያችንን አቋርጦ ገባ። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ‹ሰይፉ፣ መፍቻውን አቀብለኝ› አለ። ዞሮ እንኳ አላየኝም። በሩን ዘጋሁት። ትንሽ ላስጨንቀው፣ እሺ እንዲለኝ። ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

«አንኳኳ» አለች አገርነሽ።

«አንኳኳ። ከዚያ ረገጠ። እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር። ልከፍተው እችል ነበር። ሰባት ዓመቴን አሰብኩ፤ ኮሚቴውን አሰብኩ። ዝም ሲል ነው የከፈትኩት። ኋላም ከኮሚቴው ጋር በምሆንበት ሰዓት የተለካ እንዲመስል ወረቀቱን ጠርጌ ብልቃጡን መስኮቷ ውስጥ አኖርኩት።»

ሊሻን አለቀሰች። ሀብተጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሳጅን ቦንቱ የሰይፈሥላሴን ክንድ ስትይዘው አልተቃወመም፤ ደረጃውን ሲወርድ አንድ ጊዜ አደናቀፈውና ራሷ ደገፈችው።

አገርነሽ ከወንበሯ አልተነሳችም። ፌቨን አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ኢንስፔክተር፣ ጽጌረዳ ስልክ አታነሳም። ገረሴ ኔትወርክ የለም።»

«ማወቅ አለባት።»

«ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ። የፈረምኩት እኔም ነኝ።»

አገርነሽ ቤቷን፣ አልጋዋን አሰበች። «ነገ ጧት መኪና አመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ወደ ገረሴ ሲወጡ ዳገቱ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። መንገዱ ዳር የእንሰት ቅጠል ውኃ ያንጠባጥባል። ትምህርት ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ጽጌረዳን ከክፍል አስጠሯት። ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ አጭርና ቀጠን ያለች፣ ጣቷ ላይ ጠመኔ ያለባት ሴት ናት። ሐኪሟን ስታይ ፈገግ አለች። ከዚያ የፖሊሱን ልብስ አየች፤ ፈገግታዋም ቆመ።

ፌቨን ምንም ሳትሸፍን ነገረቻት። መድኃኒቱ የተበላሸ እንደነበር፣ አጥንቷ ሲበራ አይታ እንደተወችው፣ «ንጹሕ ነሽ» ያለቻት በማታውቀው ነገር እንደሆነ ነገረቻት። እውነቱን ሊናገርላት የነበረው ሰው ትናንት መሞቱንም ነገረቻት።

ጽጌረዳ ግድግዳውን ተደገፈች። «ስለቴን አስገብቻለሁ» አለች። «ባለፈው እሑድ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሎልኛል። እናቴ በእኔ ሕመም የለበሰችውን ጥቁር አውልቃለች።» ጠመኔውን ከጣቷ ላይ ጠረገች። «አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ፌቨን።

«አይሆንም። እኔ ነኝ የምነግራት።» ወደ ፌቨን ዞረች። «ሰውየውን አላውቀውም። መድኃኒቱን የሚሠራውን። አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም።»

«ሕመምተኛ አያየውም ነበር» አለች ፌቨን። «ከመስኮቱ ወዲያ ነው የሚሠራው።»

«ጊዜ አለኝ?»

«አለሽ። ሦስት ሳምንት ብዙ አይደለም። አዲስ አበባ ደውዬ ለሐሙስ ቦታ አስይዣለሁ። ካላስቸገርኩሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ጽጌረዳ ወደ ክፍሏ በር ዞር አለች። ከውስጥ የልጆች ጫጫታ እየጨመረ ነበር። «ሃያ ደቂቃ ይቀረኛል» አለች። «ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ልጨርስላቸው።»

ገባች። ጫጫታው ወዲያው በረደ፤ ድምፅዋ፣ መጀመሪያ ትንሽ ተቆራርጦ፣ ኋላም ቀጥ ብሎ ተሰማ። ፌቨን ግቢው መሃል ቆማ ቀረች። አገርነሽ ከክፍሉ መስኮት ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፣ ራሷን ወደ ግድግዳው አስጠጋች፤ ልጆቹ ተራ በተራ ሲመልሱ እየሰማች ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።